አንዲት ሰዓት የጎደላቸው ጌጦች

አሜሪካ ውስጥ የገና ጌጥ በመርፌ የሚጠልፉ ሰዎችን ጠጋ ብሎ ላየ፣ ዛፉ ላይ ከተንጠለጠለው ይልቅ መሳቢያ ውስጥ የተኛው እንደሚበዛ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ሥራው መስቀልኛ ጥልፍ ነው። ሁለት ስፌት ተሻግሮ አንድ መስቀል ይሠራል፤ መስቀሉ ከመስቀል ጎን ሲደረደር ቀይ ጎጆ፣ የበረዶ ሰው፣ ጢማም የገና አባት ይወጣዋል። መጠኑ ከመዳፍ አይበልጥም። ሲጀምሩት ሁሉም «ትንሽዬ እኮ ናት፣ በሁለት ምሽት ድራሿ ይጠፋል» ይላሉ።

እስቲ እናስላው። በብዛት የሚጠለፍበት አይዳ የሚባለው ጨርቅ ነው፤ የተለመደው ዓይነት በአንድ ኢንች 14 ካሬ አለው። ሦስት ኢንች በሦስት ኢንች የሆነች ጌጥ ሙሉ በሙሉ ከተሞላች 1,764 መስቀል ትፈልጋለች፤ በስፌት ሲቆጠር 3,528። ይህን ሁሉ የቆጠረ፣ አንድ ካሬ ስቶ የፈታ፣ ፈትቶም እንደገና የቆጠረ ሰው ትዕግሥት ይጎድለዋል ማለት ነውር ነው። ታዲያ የመጨረሻዋ መስቀል ከገባች በኋላ ምን ቀረ? ጨርቁን ማጠብና መተኮስ፣ ካርቶን ላይ መወጠር ወይም ጥጥ ሞልቶ መስፋት፣ ጀርባውን በሌላ ጨርቅ መሸፈን፣ ዙሪያውን በገመድ ማስዋብ፣ ማንጠልጠያ ማበጀት። ጌጥ «ተሠራች» የሚባለው ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው፤ ለለመደ እጅ የአንዲት ሰዓት ሥራ ነው።

ይህቺ ሰዓት ናት እንግዲህ የማትገኘው።

ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ሐበሻ ወዳጄ ሙያውን ከሥራ ባልደረቦቿ ተምራ መሳቢያዋን ሞልታለች። ባለቤቷ አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዷን አነሣና፣

«ይቺ አላለቀችም እንዴ?» አላት።

«አልቃለች።»

«ታዲያ ለምን አትሰቅያትም?»

«አልተሠራችማ!»

ሰውየው ዝም አለ። ዝም ከማለት በቀር ምን ያደርጋል?

ሰበቡ ብዙ ነው። ሪባኑ ከክሩ ቀለም ጋር አልሄደም። ሙጫው ከርሞ ጨርቁን ቢጫ ያደርገዋል የሚል ወሬ ተሰምቷል። የስፌት ማሽኑ ልብስ ተቆልሎበታል። ከሁሉ የሚከበረው ሰበብ ግን «አሥር ስትሞላ ሁሉንም በአንድ ቀን እጨርሳቸዋለሁ» የሚለው ነው፤ የዕቅድ መልክ አለውና ማንም አይከራከረውም። አሥር ይሞላል። አሥር መሙላቱ የሚታወቀው ግን አሥራ አራተኛው ሲገባ ነው። አሥራ አራት ጌጥ ደግሞ አሥራ አራት ሰዓት ነው፤ አሥራ አራት ሰዓት ያለው ማን አለ? ስለዚህ አሥራ አምስተኛው ይጀመራል። በገንዘብ ለባለሙያ የሚያስጨርሱም አሉ። ባለሙያው ወረፋ ስላለበት ለገና እንዲደርስ ወራት አስቀድሞ መስጠት ያሻል፤ ይህ ትዝ የሚላቸው ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ስለሆነ ጌጧ ለከርሞ ትተላለፋለች።

እኔ በበኩሌ ስንፍና ነው ብዬ አላምንም። የዚህ ሙያ ሰው ጌጥ ሲሰጡት ፊቱን ሳያይ ወደ ጀርባው ይገለብጣል። ቋጠሮ አለ? ክሩ ከዳር እዳር ተዝረክርኳል? የሙያ ልክ የሚፈረደው እዚያ ነው። የእኛም አያቶች የቀሚስ ጥልፍ ሲገለብጡ አይቻለሁ፤ ፍርዳቸውም ምሕረት አልነበረውም። አሁን አስቡት፤ ጌጧ ተሠርታ ስታበቃ ጀርባዋ በጨርቅ ይዘጋል። ያ ሁሉ ንጹሕ ጀርባ ዳግመኛ ላይታይ ይቀበራል ማለት ነው። የጌጧ ጀርባ የተዝረከረከባት ሴት በጥድፊያ ስትዘጋ፣ ያማረላት ግን ትሳሳለች። መሳቢያ ውስጥ ያለውን ማንም እንግዳ ሲመጣ አውጥቶ መገልበጥ ይቻላላ!

ደግሞ ጊዜ የለም የሚባለው ነገር አይዋጥልኝም። ክር ለማስተካከል ጊዜ አለ። ታዋቂው ክር ዲኤምሲ ነው፤ ድርጅቱ በ1746 በአሁኗ ፈረንሳይ፣ ሙሉዝ ከተማ የተቋቋመ ሲሆን፣ ቀለሙ ወደ 500 ይጠጋል፤ ሁሉም በቁጥር ይታወቃል። ነባር ጠላፊ «ጥቁር አቀብይኝ» አይልም፤ «310 አቀብይኝ» ነው የሚለው። አንዷ ጥቅል ስምንት ሜትር ናት። በውስጧ ስድስት ቀጫጭን ክሮች ስላሏትና ለሥራው በአብዛኛው ሁለት ሁለቱ ስለሚበቃ፣ ስምንቱ ሜትር ሃያ አራት ይሆናል። አንዲት የገና ጌጥ ከዚህ የምትበላው ጥቂት ነው። ጠላፊዎቹ ግን አምስት መቶውን ቀለም ሙሉ በሙሉ ይገዛሉ። ከዚያ ቅዳሜን ከጠዋት እስከ ማታ በትናንሽ ካርዶች ላይ ጠቅልለው፣ ቁጥር ጽፈው፣ በቁጥር ቅደም ተከተል ሣጥን ውስጥ ይደረድሩታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠልፈው የማይጨርሱት ክር እንዳላቸው ራሳቸውም ያውቃሉ፤ ይቀልዱበታል፤ ቀልደው ሲያበቁ ወደ ሱቅ ይሄዳሉ።

ሱቁም መጽሔቱም አይተኙላቸውም። «ጀስት ክሮስ ስቲች» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በየዓመቱ ለገና ጌጥ ብቻ የተለየ እትም ያወጣል፤ የዘንድሮው ሲደርስ የዓምናው ገና አልተገለጠም። ሆልማርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ ከ1973 ጀምሮ በየዓመቱ አዲስ የዛፍ ጌጥ እየሸጠ፣ ዓመት የተጻፈበት ጌጥ መሰብሰብን ልማድ ካደረጉት አንዱ ነው። ጠላፊዎቹም ይህን ልማድ ወርሰዋል፤ ከበረዶው ሰው እግር ሥር ዓመቱን ይጠልፋሉ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው። 2019 ተብላ የተጠለፈች ጌጥ በ2024 ብትሠራ ምን ይደረጋል? ወዳጄ መቀሷን አንሥታ ዘጠኟን ፈታች፣ አንዷንም ፈታች፣ በምትኩ ሃያ አራት ጠለፈች። ሥራው ግማሽ ምሽት ወሰደባት። በዚያ ግማሽ ምሽት ጌጧን ሠርታ መስቀል ትችል እንደነበር ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ መርፌ ይዛለችና ተውኩት።

ለሐበሻ ጠላፊ እንኳ ልዩ ምሕረት ተሰጥቷት ነበር። ፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ሲነጋ ሁሉ ነገር ያበቃላቸዋል፤ እሷ ግን እስከ ታኅሣሥ 29፣ ማለትም እስከ ጃንዋሪ 7 ድረስ አሥራ ሦስት ቀን ትርፍ አላት። ወዳጄ ይህን ለባልደረቦቿ ስትነግራቸው በቅናት ዐይኗን ዐይኗን ነው ያዩዋት። «ለእኛ ገና ይደርሳል» ብላም ቤቱን አረጋጋች። ጃንዋሪ 7 ሲደርስ ግን ዶሮ መገንጠል፣ ሽንኩርት ማቁላላት፣ ሌሊት ቅዳሴ መቆም መጣ። የአርባ ሦስት ቀን ጾም የፈታ ሰው ደግሞ ሪባን ሊቆርጥ አይቀመጥም። ዛፉ በፋብሪካ ጌጥ እንደተንቆጠቆጠ ዋለ። አዲስ አበባ ብትሆን ኖሮ ጥዱ ላይ ጥጥ በትና በረዶ ነው ብላ ትገላገል ነበር፤ እውነተኛ በረዶ ባለበት አገር ይህም አያዋጣም።

ይኼኔ አዲሱ ዓመት ገብቷል። ጃንዋሪ አንድ ቀን አዲስ ሥራ መጀመር ጥሩ ገድ ነው ይላሉ፤ ወሩን ሙሉ በየቀኑ አዲስ አዲስ የሚጀምሩም አሉ። ተሠርታ የምታልቀውም ብትሆን ዛፍ ላይ የምትቆየው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ በስስ ወረቀት ተጠቅልላ፣ ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ እንደሚቀመጥ ስኒ፣ ቀሪውን ዓመት በጨለማ ታሳልፋለች። የተሠራችውም ያልተሠራችውም ያው ጨለማ ውስጥ ናቸው፤ ልዩነታቸው አንዷ በሣጥን፣ ሌላዋ በመሳቢያ መሆኗ ነው።

የጌጦቹ ባለቤት ባረፈች ጊዜ ልጆቿ መሳቢያውን ይከፍታሉ። ክር፣ ንድፍ፣ ያልተፈታ ጨርቅ፣ መርፌው እንደተሰካበት የቀረ ግማሽ የገና አባት። አንዱም መጥለፍ አይችልም፤ መጣሉም ስለሚከብዳቸው ዕቃውን በካርቶን ሞልተው ለአሮጌ ዕቃ መሸጫ ይሰጡታል። በሳምንቱ አንዲት ሴት መደርደሪያው ሥር ታገኘዋለች። የገና አባቱን አንሥታ፣ ጥቂት ዶላር የሚል ዋጋውን ሳይሆን ጀርባውን ገልብጣ ታያለች። «እንዴት ያለ ንጹሕ እጅ ነው!» ትላለች ለብቻዋ። «ይሄንንማ እኔ ለዘንድሮ አደርሰዋለሁ።» ወደ መክፈያው ስትሄድ ግን የቀረው ነጭ ጢሙ መሆኑ ትዝ ይላትና፣ ቤቷ ያሉት ነጭ ክሮች ከዚህኛው ጋር ላይገጥሙ ይችላሉና፣ መንገዷን በክር ሱቁ በኩል ታደርጋለች።