የአባት ፍሬም፣ የልጅ ማርሽ

ጎረቤቴ የአባቱን የጣሊያን ብስክሌት «ነፍስ ልዝራበት» ብሎ ተነሣ። የኋላ ሹካው ስፋት 126 ሚሊሜትር ነው፤ ያስመጣው ባለ 11 ማርሽ ጎማ 130 ይፈልጋል። «4 ሚሊሜትር ምን አላት?» አለና ፍሬሙን በጉልበቱ ፈለቀቀው። ብረት ደግ ነው፣ ቻለው፤ ካርቦን ቢሆን ለቅሶ እንቀመጥ ነበር።

የፔዳሉ አክስል ተራ ደረሰ። በእንግሊዝ ደረጃ የተሠራ አክስል የቀኝ ክዳኑ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፤ የጣሊያኑ ግን ወደ ቀኝ ስለሆነ፣ በረገጡት ቁጥር መላላት ይቃጣዋል።

አሁን መሪው አዲስ፣ ፍሬኑ አዲስ፣ ካቴናው አዲስ ነው። ከአባቱ የቀረው ፍሬሙ ብቻ፤ እሱም ቀለም ሊቀባ ሄዷል። «ቅርስ ማክበር እንዲህ ነው» ይለኛል። አባትየው ግን በዚያችው ባለ 6 ማርሽ ሥራ ደርሰው ይመለሱ ነበር።