ቢቱን ከቤቱ አታፈናቅለው!

«ድሬ ላይ ሹገር ቢት እንትከል፤ የስኳር ወረፋ ይቅር!» ይላል የእኛ ሰው፣ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ መሐል የቢቱን ዘመድ ቀይ ሥር በእጁ ይዞ። ኧረ ስሙልኝ ጎበዝ! ዘሩ ሳይገዛ ወሬው ቅጠል አወጣ።

አቦ፣ የያዝከው ቀይ ሥር እኮ የድሬ ልጅ አይደለም። ባለ ጉሊቷን ጠይቃት። ከሐረማያ ደንገጎን ቁልቁል ወርዶ የመጣ እንግዳ ነው። የደጋው ጭቃ ከላዩ ሳይራገፍ አንተ የቀበሌ መታወቂያ ልታወጣለት ትሮጣለህ!

«ፀሐይማ ሞልቶናል!» አዎ፣ ተርፎናል። ቢት ግን ቀን የሠራውን ስኳር ሥሩ ውስጥ የሚያከማቸው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝለት ነው። ሌሊቱ ከሞቀ ሲተነፍስ ያቃጥለዋል። ደህና የሚሆነው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው አየር ነው። የድሬ ሰኔ ቀኑ ከ30 በላይ ነው፤ ሌሊቱ ደግሞ ፍራሽህን ግቢ የሚያስወጣህ። አንተ እንቅልፍ ያጣህበትን ሌሊት ቢቱ ስኳር ይቆጥብበት? እ.ኤ.አ. በ1801 ጀርመናዊው ኬሚስት አካርድ የመጀመሪያውን የቢት ስኳር ፋብሪካ ያቆመው ሲሌዥያ ነው። በረዶ አገር! ቢቱን ከቤቱ አታፈናቅለው።

«ግብፅስ? በረሃ አይደለችም እንዴ?» እዚህ ላይ ደረቱን ነፋ፣ እዩት! ግብፅ ሙቀቱ በረድ ሲል ትዘራለች፣ ብርዱን ታሳልፍበታለች፣ በጋው ሳይፋፋም ትነቅላለች። ያውም ዓባይን በቦይ እየሳበች። አንተ ማንን ልትስብ ነው? የደቻቱን ወንዝ? አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሲሞላ የሚያደርገውን ድሬ በሐምሌ 1998 ጎርፍ አይታዋለች፤ እሱን ለቀልድ አላነሣውም።

እሺ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ይቺን ሰጠሁህ። ግን ያኔ ዝናብ የለም። የቀረህ የጉድጓድ ውኃ ነው፤ እሱንም ከተማው እየጠጣው ነው። የስኳሩን ወረፋ አስቀርተህ የጀሪካኑን ልታስረዝም ነዋ!

ይሁን፣ በቀለ እንበል። የት ልትወስደው ነው? «መተሐራ ፋብሪካ አለ፣ ባቡርም አለ!» አለ፤ መተሐራ ግን አገዳ ጨምቆ ነው የሚኖረው። ቢት በወፍጮ አይጨመቅም፤ በስሱ ተከትፎ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል። ሌላ ማሽን፣ ሌላ ብር! በዚያ ላይ አገዳ ማገዶውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ገለባው ራሱ ቦይለሩን ያነድዳል። ቢት እጁን እያወዛወዘ ይመጣል፤ ጭማቂው ከወጣ የሚተርፈው የከብት መኖ ነው። ነዳጁን ከኪስህ ልታወጣ ነው? እስከዚያ ደግሞ የተነቀለው ሥር ሙቀት ላይ በዋለ ቁጥር ስኳሩን ይበላል። ባቡሩ ሳይደርስ ሥር ብቻ ሆኖ ይቀርልሃል!

«ለሞቃት አገር የተዳቀለ ዘር አለ» አልክ? አሁን ገና ሰው ሆንክ! ዘሩን ያዝና ሽቅብ ውጣ፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነው። ደጋውም ላይ ቆላውም ላይ ጥቂት መደብ ዝራ። የሌሊቱን ሙቀት መዝግብ፣ ያጠጣኸውን ውኃ ለካ፣ ሥሩን ነቅለህ ስኳሩን አስመርምር። ከመቶ 16 ከሰጠህ ና፣ ሻሂውን እኔ እጋብዛለሁ። ስኳሩን ግን አንተ ይዘህ ና!