የዝቅታ ሽሚያ

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ከማኅሌቱ ያርፋሉ፤ በአንድ ደብር ዕቃ ቤትም ወሬ በዛ። ታቦት ሲወጣ የሚያጅበው ባለ ዘርፉ ድባብ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። እልል የሚልላቸው ሲጠፋ ስለ ትሕትና ማውራት ጀመሩ።

ነገሩን ያነሣው አዲሱ ምንጣፍ ነው። የሰጡት ሰው «ስሜ አይጠራ» ብለው ነበር፤ ዐውደ ምሕረት ላይ ግን «ስማቸው እንዳይጠራ የጠየቁት አቶ እገሌ» ተብሎ ተነገረ፤ ጠርዙ ላይም በቢጫ ክር ስማቸው ተጠልፏል። (እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሰምቶ የማያውቅ ምእመን ካለ እጁን ያውጣ።) ከሰጪው ተምሮ ይሁን አይታወቅም፣ ምንጣፉ ጧት ማታ «እኔማ ምን አለኝ፤ የሁሉ እግር መርገጫ፣ አፈር!» ይላል። ይልና ዙሪያውን ያያል። «ኧረ አንተማ የቤቱ ጌጥ ነህ» የሚለው ካጣ ያን ዕለት ሲያኮርፍ ይውላል።

ከበሮ አልቻለም። «መረገጥ ምን አለው? በጥፊ የምመታው እኔ! ጠፍሬን እዩት፤ ሊቃውንቱ የጌታ ግርፋት ምሳሌ ነው ይላሉ» አለ። መቋሚያ «ሽማግሌ ሁሉ ሲደገፈኝ ትንፍሽ ብያለሁ?» ሲል ጧፍ ደግሞ «ለሌላው ስል የምነድደው ማን ሆነና» ብሎ ሊያለቅስ ሞከረ፤ ሳይበራ ግን ሰም አልወጣ አለው።

ክርክሩ ወደ መቀመጫ ዞረ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ለሰርግ የተጠራ ሰው ዝቅ ካለው ስፍራ እንዲቀመጥ መነገሩን ሁሉም ያውቃል፤ ጋባዡ መጥቶ ወደ ላይ እንደሚያወጣው ደግሞ ይበልጥ ያውቃሉ። ስለዚህ ሁሉም ወደ በሩ ሥር ተሻሙ። ድባቡ ቀድሞ ተጋደመ፤ ምንጣፉ ከሥሩ ልግባ ሲል ዘርፉን ቀደደበት፤ ከበሮ በሁለቱም ላይ ተንከባለለ። መደርደሪያው ባዶውን ቀረ።

ዳኛ አስፈለገ። ያልተወዳደረው የእግር ማጠቢያው ሳፋ ብቻ ነበር። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ካህናቱ የወይራና የወይን ቅጠል ይዘው የምእመናንን እግር የሚያጥቡት በእርሱ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው የለም፤ የቆሎ ተማሪዎች ጨርቃቸውን ያጥቡበታል፣ ደጀ ሰላም የሚለምኑት አዛውንት ቁስላቸውን ይታጠቡበታል።

ሲመሽ አንድ ተማሪ ሳፋውን አምጥቶ አስቀመጠው።

«ፍረድልን! ከመካከላችን ዝቅ ያለው ማን ነው?» አሉት።

ጥያቄው አልገባውም። «ዛሬ ጭቃው ብዙ ነበር። የአዛውንቱ ቁስል ግን ሻል ብሎታል» አለ። ወዲያው ተማሪው ተመልሶ መጣና ይዞት ወጣ፤ መንገደኛ ደርሶ ኖሯል።

በሩ እስኪዘጋ ዝም አሉ። ከዚያ ምንጣፉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «አያችሁልኝ? ጭቃውን ሳይለቀለቅ የገባው እኮ እንድናይለት ነው።»

«እኔስ ድሮም ጠርጥሬዋለሁ፤ ትዕቢተኛ ነው» አለ ከበሮ።