ዶሮው ሲጠብቀን ቆየ

(ጋሽ ታደሰ በአትላንታ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ዓለሚቱ ከአትላንታ ወጣ ብላ በምትገኘው ክላርክስተን፣ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። ወሩ የካቲት ነው፤ የምሳው ግርግር አልፏል።)

ዓለሚቱ፦ እንኳን በደህና መጡ ጋሽ ታደሰ! ሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ድረስ ለእራት ተጋብዘው ሄዱ ሲሉኝ ወፍረው ይመጣሉ ብዬ ነበር። ጭራሽ ጉንጭዎ ገብቷል።

ጋሽ ታደሰ፦ መጋበዙንማ ተጋብዣለሁ፤ በላሁ ያለሽ ማነው? እስቲ ሽሮ ካለ አምጪልኝ።

ዓለሚቱ፦ ሐና ለልደትዎ ብላ ያን ስመ ጥር ታሪካዊ ምግብ ቤት ከስንት ጊዜ በፊት አልነበር ያስያዘችው?

ጋሽ ታደሰ፦ ልጄ ምን ታድርግ! መጽሔቱ አሞገሰው፣ አስጎብኚው አሞገሰው፣ የመሥሪያ ቤቷ ሰው ሁሉ «እዚያ ያልበላ የአሜሪካን ደቡብ አላየም» አላት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

ዓለሚቱ፦ ዶሮዋስ ምን ሆነች?

ጋሽ ታደሰ፦ እሷኑ ነው ያቀረቡልን።

ዓለሚቱ፦ ኧረ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ!

ጋሽ ታደሰ፦ ከአትላንታ አምስት ሰዓት ያህል ነድተን ደረስን፤ ማታ በቀጠሯችን ሰዓት በሩ ላይ ቆመናል። በር ላይ ያለችው ልጅ ፈገግታዋ ጆሮዋ ደርሷል። «ጠረጴዛችሁ እየተሰናዳ ነው» አለችን። ጠበቅን። እንደገና ፈገግ አለች፤ እንደገና ጠበቅን። ምን ይደረግ፣ ከግድግዳው ሥዕሎች ጋር ተዋወቅን። አንድ ጄኔራል ተሰቅሏል፣ የጄኔራሉ ሚስት ተሰቅላለች፣ የጄኔራሉ ፈረስ ተሰቅሏል። ቤቱን ያሠራው ነጋዴ፣ ከነጋዴው የገዛው ዳኛ፣ ከዳኛው የወረሰው ልጅ፣ ሁሉም በወርቅ ፍሬም።

ዓለሚቱ፦ ወጥ ቤቷስ?

ጋሽ ታደሰ፦ የቷ ወጥ ቤት?

ዓለሚቱ፦ ለእነዚህ ሁሉ ስታበላ የኖረችው ናታ!

ጋሽ ታደሰ፦ እሷ የለችም። ፈረሱ አለ አልኩሽ እኮ።

ዓለሚቱ፦ እሺ፣ ከዚያ ተቀመጣችሁ።

ጋሽ ታደሰ፦ ተቀመጥን። አስተናጋጁ መጣ፤ ጨዋ፣ ለዛ ያለው ልጅ ነው። ገና ውኃ ሳይቀዳልን ፎቁ ላይ መንፈስ እንዳለ ነገረን።

ዓለሚቱ፦ በስመ አብ!

ጋሽ ታደሰ፦ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ናት አሉ። ሌሊት ሌሊት በደረጃው ትወርዳለች።

ዓለሚቱ፦ እኛ ቤት ቢሆን ቄስ ጠርተን ጠበል እናስረጭ ነበር።

ጋሽ ታደሰ፦ እነሱ ሜኑው ላይ አስረጩዋት። ከምግቡ ዝርዝር በፊት አንድ ሙሉ ገጽ ተሰጥቷታል። እኔ ግን ነገሩ ኋላ ላይ ገባኝ፤ ምስኪን፣ ያዘዘችው ሳይመጣላት ሞታ ይሆናል።

ዓለሚቱ፦ እርስዎስ ምን አዘዙ?

ጋሽ ታደሰ፦ ታውቂኛለሽ፤ አሳማ አልበላ፣ ሽሪምፕ አልበላ። የከተማዋ ኩራት ደግሞ ሽሪምፕ በግሪትስ ነው፤ ያው በበቆሎ ገንፎ ላይ ማለት ነው። «ያለ ሽሪምፕ አምጣልኝ» ስለው የልጁ ፊት ተከፋ። ዶሮ ጥብስ ጨመርኩ። ከዚያ አትክልት ልምረጥ ብዬ ሳነብ፣ ከአትክልቱ ተራ መጀመሪያ የተጻፈው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ማካሮኒ በአይብ!

ዓለሚቱ፦ በእሱ እንኳ አይፍረዱባቸው። በደቡብ፣ ሥጋ ከሦስት ዓይነት ማባያ ጋር በሚሸጥበት ቤት ሁሉ ማካሮኒ አትክልት ነው። የአገሩ ደንብ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ይሁን። ሁለተኛው ጎመን ነው። «ተመስገን፣ ዘመድ አገኘሁ» አልኩ። ልጁ ሐቀኛ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ «በጭስ በደረቀ የአሳማ ቅልጥም የተቀቀለ ነው» አለኝ። ጎመን በጤና የሚባለው ተረት እዚያው ፈረሰ።

ዓለሚቱ፦ ይኼም ጥፋት አይደለም። የጆርጂያ ተወላጇ ጎረቤቴ እንዲሁ ነው የምትሠራው። ሥጋ ለማይደርሳት ሴት አንድ ቅልጥም ድስት ሙሉ ጎመን ታጣፍጥላታለች፤ ይኼ የባለሙያ ብልሃት ነው። ለእኔ ስትል ደግሞ አሳማውን ትታ በጭስ የደረቀ የቱርክ ሥጋ ትጨምርበታለች። ልቅም አድርጌ ነው የምበላው። ስለዚህ ጋሽ ታደሰ፣ ባልለመዱት ምግብ አኩርፈው ከሆነ የመጡት፣ እኔ ከእነሱ ወገን ነኝ።

ጋሽ ታደሰ፦ ቆይ፣ አትቸኩዪ! ዶሮው ገና አልመጣም። ማለቴ፣ መጣ። ችግሩም መምጣቱ ነው። አዘዝን፣ ልጁ ዞር አለ፣ ሐና ናፕኪኗን ሳትዘረጋ ዶሮው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ዓለሚቱ፦ ወዲያው?

ጋሽ ታደሰ፦ ወዲያው! ወንበሩን እኛ ስንጠብቅ፣ ዶሮው እኛን ሲጠብቅ ነበር የቆየው።

ዓለሚቱ፦ አሁን ገባኝ። ይኼ ግን ጥፋት ነው። የደቡብ ዶሮ አሬራ ውስጥ ተነክሮ ያድራል። በነጋታው ዱቄት ለብሶ በወፍራም የብረት መጥበሻ ውስጥ በዝግታ ይጠበሳል። ሲታዘዝ የሚጠበስ ከሆነ ሃያ ደቂቃ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ደህና ቤት «ዶሮው ትንሽ ይቆያል» ብሎ ያስጠነቅቃል። የእርስዎ ዶሮ ከማሞቂያ መብራት ሥር ነው የመጣው።

ጋሽ ታደሰ፦ ቆዳው በአንድ በኩል፣ ሥጋው በሌላ በኩል፣ ተፋተው ነው የመጡት። አጥንቱ አጠገብ ስደርስ ብርድ አገኘሁ።

ዓለሚቱ፦ ግሪትሱስ?

ጋሽ ታደሰ፦ ማንኪያዬን ተከልኩበት፤ ቆመ።

ዓለሚቱ፦ ውይ! በድንጋይ ወፍጮ የተከካ በቆሎ በለስላሳ እሳት፣ እየተማሰለ፣ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። እንደ እኛ ገንፎ ነው፤ የያዘችው ሴት ስልክ ካነሳች አለቀለት። የእነሱ ከካርቶን ወጥቶ በጥቂት ደቂቃ የሚደርሰው ይሆናል።

ጋሽ ታደሰ፦ የባሚያና የቲማቲም ማባያም አመጡ።

ዓለሚቱ፦ በየካቲት?

ጋሽ ታደሰ፦ በየካቲት።

ዓለሚቱ፦ ባሚያ እኮ እዚህ አገር የሚደርሰው በሙቀቱ ወራት ነው! ሜኑው ላይ «የአያቶቻችን ምግብ» ብለው ጽፈዋል አይደል? አያት በየካቲት ባሚያ ከየት ታመጣለች? ኤድና ሉዊስ የምትባል ታላቅ ባለሙያ ነበረች። የተወለደችው በፈረንጅ 1916 ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሪታውን በምትባል መንደር። መንደሯን የመሠረቱት ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ አያቷም አንዱ ነበሩ። በ1976 ያሳተመችው የምግብ መጽሐፍ የተደራጀው በወቅት ነው፤ ፀደይ ሲሆን ይኼ፣ መከር ሲሆን ያ። እዚያው ቻርልስተን አጠገብ፣ የድሮ የባሪያ እርሻ በነበረ ግቢ ባለ ምግብ ቤትም አብስላለች። ጎረቤቴ መጽሐፏን አውሳኝ ነው ያወቅኩት። የደቡብ ምግብ ማለት ለእሷ ዛሬ ማሳው ላይ ያለው ነበር።

ጋሽ ታደሰ፦ እኔን ያናደደኝ ደግሞ ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላውን ሐና ሙዚየም ወስዳኝ ነበር፤ በ2023 የተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም። በባርነት የተጫኑ ሰዎች ከመርከብ ይወርዱበት የነበረው ወደብ ላይ ነው የተሠራው። ቻርልስተንን ያበለጸጋት ሩዝ መሆኑን፣ የሩዙን ግብርና ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡት ሰዎች አስቀድመው ያውቁት እንደነበር እዚያ ሰማን። ሩዙ በእነሱ ጉልበትና ዕውቀት በቀለ፤ ገንዘቡ ጌታው ኪስ ገባ።

ዓለሚቱ፦ ባሚያውም፣ ባለ ጥቁር ዓይኗ አተርም፣ ሰሊጡም፣ ማሽላውም ከአፍሪካ የሄዱ ናቸው። እኛ እኮ እዚህ አገር ከመምጣታችን በፊት ባሚያ ቀድሞን ገብቷል።

ጋሽ ታደሰ፦ ይኼን ሁሉ ሰምቼ ሄጄ ነው እንግዲህ ከፈረስ ሥዕል ሥር የተቀመጥኩት። ሜኑውን ገለጥኩ። ሻንደሊየሩ ከየት እንደመጣ ተጽፏል። መንፈሷ ተጽፋለች። የማን እጅ ያንን ምግብ እንደፈጠረው አንድ መስመር የለም።

ዓለሚቱ፦ የሞተችው ሴት ስትጠራ፣ የሠራችው ሴት ተረሳች ማለት ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ታሪክማ እኔም አውቃለሁ፤ ስንቱን አዛውንት በታክሲዬ አመላልሻለሁ! እዚህ አትላንታ ሌስተር ማዶክስ የሚባል ሰው ፒክሪክ የተባለ የዶሮ ጥብስ ቤት ነበረው። በ1964 የዜጎች መብት ሕግ በተፈረመ ማግስት ጥቁሮች ሊበሉ ቢመጡ ሽጉጥ ይዞ አባረራቸው። ደጋፊዎቹም የመጥረቢያ እጀታ ይዘው አገዙት። ፍርድ ቤት ሲያስገድደው ጥቁር ከማስተናግድ ብሎ ቤቱን ተወው። በ1967 ምን ሆነ?

ዓለሚቱ፦ ታሰረ?

ጋሽ ታደሰ፦ የጆርጂያ ገዥ ሆነ። ይኼም «ታሪካዊ ምግብ ቤት» ነው እንግዲህ! በሌላ በኩል ወንድማማቾቹ ፓስካሎች በ1947 የከፈቱት ቤት አለ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግና ጓዶቻቸው ዶሮ እየበሉ የመከሩበት፣ ከእስር የተፈቱ ተማሪዎች የተስተናገዱበት ነው። እነሱ በኋላ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውረዋል፤ ታሪካቸው ግን አብሯቸው ሄደ። ሻንደሊየር አላስፈለጋቸውም።

ዓለሚቱ፦ ሒሳቡስ?

ጋሽ ታደሰ፦ ሐና ልትደብቀኝ ሞከረች፤ አየሁት። ለምግቡ አልነበረም የተከፈለው፤ ለጄኔራሉ ነው። ለልጁ ግን ደህና ቲፕ ስጪው አልኳት። የፌዴራሉ ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ የሚያስቀምጠው ትንሹ ደሞዝ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፤ ከ1991 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ሳውዝ ካሮላይናም በዚሁ ነው የሚሠራው።

ዓለሚቱ፦ እንዲያ ከሆነ በዚያ ቤት ያልታደሰው ሕንፃው ብቻ አይደለም።

ጋሽ ታደሰ፦ በመጨረሻ ኃላፊው መጣ። ክራባት፣ ፈገግታ። በየጠረጴዛው እየዞረ «እንዴት ነበር?» ይላል። አጠገባችን ያለችው ሴትዮ ሳህኗን ሳትነካው «ድንቅ ነው!» አለችው። ከወዲያ ያሉት «ግሩም!» አሉት።

ዓለሚቱ፦ እርስዎስ? ነገሩት መቼም።

ጋሽ ታደሰ፦ እ...

ዓለሚቱ፦ ጋሽ ታደሰ!

ጋሽ ታደሰ፦ «እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጥሩ ነበር» አልኩት። ምን ላድርግ? የደቡብ ትሕትናና የሐበሻ ይሉኝታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው እውነት በየት በኩል ትግባ!

ዓለሚቱ፦ ይኸው በሽታው! ያ ቤት የኖረው በዶሮው አይደለም፣ በእርስዎ «ጥሩ ነበር» ነው። መጽሔቱ የዛሬ ስንት ዓመት አሞገሰ፤ ያነበበ ሁሉ ሄደ፤ የሄደ ሁሉ ገንዘቡን ከፍሎ «አልወደድኩትም» ማለት አፈረ። ወጥ ቤቱም ሰማ፤ «እንዲህ እየሠራሁ ድንቅ ከተባልኩ ምን አስለፋኝ?» አለ።

ጋሽ ታደሰ፦ እውነትሽን ነው። ዝናው ያበስላል፣ እሳቱ ይተኛል።

ዓለሚቱ፦ እነሱን ብቻ አይሙ ደግሞ። የእኛስ ባህላዊ ምግብ ቤቶች? መሶቡ ግድግዳ ላይ፣ አገልግሉ ጣራ ላይ፣ ጋሻና ጦሩ በር ላይ። እስክስታው ጆሮ ያደነቁራል፤ ጥብሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ የሞቀ ነው። ፈረንጁ ትከሻ ሲያይ ሳህኑን ይረሳል። እኛ ደግሞ «የአገራችን ሰው ነው» ብለን ዝም እንላለን።

ጋሽ ታደሰ፦ ዝም እንላለን።

ዓለሚቱ፦ እንግዲያው ከእኔ ይጀምሩ። ሽሮዬ እንዴት ነው?

ጋሽ ታደሰ፦ ግሩም ነው።

ዓለሚቱ፦ ጋሽ ታደሰ!

ጋሽ ታደሰ፦ እሺ፣ እሺ። ጨው በዝቶበታል።

ዓለሚቱ፦ ጎሽ! ቅር ብሎኛል፤ ነገ ግን ይስተካከላል። በየምግብ ቤቱ ከፍሎ የሚበላ ሰው ሁሉ እንዲህ ይናገር፤ የማይነገረው ወጥ ቤት አይሻሻልም።