ለሾፌርና ለባለ ውሻ የቀረበ የጥፋት ምክር

የመካሪ ልማዱ ሰውን ወደ ቀናው መንገድ መምራት ቢሆንም፣ ሰው ግን መልካሙን ምክር ሰምቶ ለመርሳት የሚፈጥን ፍጡር ስለ ሆነ፣ አንዳንድ ጊዜ የጥፋትን መንገድ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ማሳየት የበለጠ ይጠቅመዋል። ስለዚህ በአሜሪካ በቨርጂንያ ግዛት፣ ይልቁንም ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሌክሳንድርያና በአካባቢው፣ መኪና እየነዳ ውሻም እያሳደገ በሰላም መኖርን ጠልቶ በራሱና በባልንጀራው ላይ መከራ ለማምጣት የሚሻ ሰው ቢኖር፣ የሚከተሉትን ምክሮች አንዱንም ሳያጎድል ይፈጽም። ምክሮቹን ገልብጦ የሚፈጽማቸውን ሰው ግን ሕግም ኅሊናም አይከሱትም።

አንደኛ፣ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ መንዳትን እንደ ቀላል ነገር ይቁጠረው። በቨርጂንያ ሕግ በመንገዱ ላይ ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይልና ከዚያም በላይ የጨመረ፣ ወይም የመንገዱ ወሰን ምንም ይሁን ምን በሰዓት ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው፣ በግዴለሽነት በመንዳት ወንጀል ይከሰሳል፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጫም ሊፈረድበት ይችላል። ይህ ጥፋት በወንጀል መዝገብ የሚጻፍ እንጂ መቀጫው ተከፍሎ የሚረሳ ስላልሆነ፣ ሥራ ሲፈልግም ሆነ ለዜግነት ሲያመለክት ተከትሎት ይመጣል። የፖሊስን ራዳር አስቀድሞ የሚያስታውቅ መሣሪያ ገዝቶ ለማምለጥ ቢያስብም፣ ከ50ዎቹ ግዛቶች ይህን መሣሪያ በተራ መኪና ውስጥ የምትከለክል ቨርጂንያ ብቻ ናትና፣ በአንዱ ጥፋት ላይ ሌላ ጥፋት ይደርባል። ሕግ አውጪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. የወንጀሉን ወሰን ከ80 ማይል ወደ 85 ከፍ አድርገውታል፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን የተያዘበት መኪና እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ መሆኑን ግን ማንም ሕግ አውጪ ሊያሻሽለው አይችልም።

ሁለተኛ፣ በሚነዳበት ጊዜ ቴሌፎኑን ከእጁ አይለይ፤ ዝናብ ጥሎ የመስታወት መጥረጊያውን ሲያስነሣም፣ ሕጉ እንደሚያዝዘው የፊት መብራቱን አያብራ። ከጥር 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቨርጂንያ እየነዱ ቴሌፎን በእጅ መያዝ ለመጀመሪያው ጥፋት 125፣ ለሁለተኛውም 250 ዶላር ያስቀጣል። ይሁን እንጂ መቀጫው ከነገሩ ሁሉ ትንሹ ነው፤ በሰዓት 55 ማይል የሚነዳ ሰው መልእክት ለማንበብ ዓይኑን ከመንገዱ ለ5 ሴኮንድ ቢያነሣ፣ 120 ሜትር ያህል መንገድ እንደ ዕውር ያልፋል፤ በዚያም ርቀት ውስጥ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚወርድ የሌላ ሰው ልጅ ይኖር ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ውሻውን በአጭር ሰንሰለት አስሮ ይርሳው። በአገራችን ውሻ የግቢ ጠባቂ ሆኖ ቀን ታስሮ መዋሉ፣ ሌሊትም ተፈትቶ ማደሩ የቆየ ልማድ ነውና፣ ባሕር የተሻገረ ሰው ይህን ልማድ ሳይመረምር በአዲሱ ግቢው ሊቀጥልበት ይችላል። የቨርጂንያ ሕግ ግን የደጅ ማሰሪያ ርዝመቱ ቢያንስ 15 ጫማ ወይም የእንስሳው የሰውነት ርዝመት አራት እጥፍ፣ ከሁለቱም የሚበልጠው እንዲሆን ያዝዛል፤ ሙቀቱ 85 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ ወይም ወደ 32 ዲግሪ ሲወርድም፣ የእንስሳት ተቆጣጣሪ ሹም መርምሮ አያሰጋውም ካላለ በቀር፣ በደጅ የታሰረ እንስሳ በቂ መጠለያ እንዳገኘ አይቆጠርም። ምግብ፣ ውሃ፣ መጠለያ፣ ሲታመምም ሕክምና መስጠት በባለቤቱ ላይ የተጣለ ግዴታ ነው እንጂ ትሩፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በሪችመንድ ከተማ በአንድ መናፈሻ ታስሮ በእሳት የተቃጠለው ቶሚ የተባለ ውሻ በሞተ ጊዜ ሕዝቡ እጅግ አዘነ፤ በዚያው ዓመት በጸናው ሕግም፣ ውሻን ወይም ድመትን በጭካኔ አሠቃይቶ ከባድ ጉዳት ያደረሰ ሰው፣ እንስሳው ባይሞት እንኳ፣ እስከ 5 ዓመት በሚያሳስር ከባድ ወንጀል ይጠየቃል። የታሰረ ፍጡር ጥላ ፍለጋ ሊሄድ፣ ውሃ ሊለምን፣ ከሳሽ ሆኖም በዳኛ ፊት ሊቆም አይችልምና፣ ሕጉ አንደበት ሆነለት።

አራተኛ፣ ውሻውንና ድመቱን ሳያስከትብ ያኑር፤ «ከቤት የማይወጣ እንስሳ ከየት በሽታ ያመጣል?» ብሎም ራሱን ያሳምን። ሕጉ 4 ወር የሞላው ውሻም ሆነ ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲወስድ፣ ለውሻውም ከሚኖርበት ከተማ ወይም አውራጃ ፈቃድ እንዲወጣለት ያስገድዳል። በዚያ አገር በሽታውን በብዛት ከሚያስተላልፉት መካከል ራኩን የሚባለው አውሬ፣ ቀበሮና የሌሊት ወፍ ይገኛሉ፤ ራኩኑ የተጣለ ምግብ ፍለጋ እስከ ደጃፍ ይመጣል፣ የሌሊት ወፍም በመስኮት ይገባል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰ ብላቴና በክትባት ከታደገ ወዲህ፣ ከንክሻው በኋላ ወዲያው የሚታከም ሰው ይድናል፤ የበሽታው ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ግን ከሞት የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል። ያልተከተበ ውሻ በታመመ አውሬ ቢነከስም፣ ወይ መገደል ወይ ለወራት ብቻውን ተዘግቶ መጠበቅ ይደርስበታል፤ በዚያን ጊዜ የልጆቹን ልቅሶ የሚሰማው ክትባቱን ቸል ያለው አባት ነው።

አምስተኛ፣ ሾፌርነቱንም ባለ ውሻነቱንም በአንድ ጊዜ ለማበላሸት ሲሻ፣ ውሻውን በመኪናው ውስጥ ቈልፎበት፣ መስኮቱን በጣት ስፋት ከፍቶ፣ «አሁን እመለሳለሁ» እያለ ወደ ገበያ ይግባ። በውጭ 70 ዲግሪ ፋራናይት የሆነ ለስላሳ አየር፣ ፀሐይ ባረፈበት ዝግ መኪና ውስጥ በግማሽ ሰዓት ወደ 104 ዲግሪ ይደርሳል፤ መስኮቱን በጥቂቱ መክፈትም እምብዛም አያበርደውም። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው ይልቁንም በማለክለክ ስለ ሆነ፣ የሚተነፍሰው አየር ራሱ ሲግል መውጫ ያጣል። ጎረቤት ግዛት ሜሪላንድ፣ ውሻን ወይም ድመትን ለጤናው በሚያሰጋ ሁኔታ በቆመ መኪና ውስጥ መተውን በሕግ ከልክላ፣ ፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኛ እንስሳውን በኃይል እንዲያወጡት ፈቅዳለች።

እነዚህን ምክሮች በአንድነት የሚመረምር ሰው፣ የመንገዱ ሕግና የእንስሳው ሕግ አንድ ሥር እንዳላቸው ይረዳል፤ ሁለቱም ኃይል በእጁ የገባ ሰው፣ በዚያ ኃይል ፊት ራሱን ለመከላከል የማይችለውን ደካማ፣ እግረኛም ይሁን ሕፃን ወይም በሰንሰለት የታሰረ ፍጡር፣ እንዲያስብ የሚያስገድዱ ናቸው። እንግዳ ሆኖ በሰው አገር የሚኖር ወገንም ይህን ሕግ ከመቀጫ ፍርሃት ይልቅ ከርኅራኄ የተነሣ ቢጠብቀው ለስሙም ለነፍሱም ይሻለዋል። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ ዛሬ ወደ መንገድ ስትወጡ ቴሌፎናችሁን ከእጃችሁ አርቁ፤ የውሻችሁንም የክትባት ወረቀት አውጥታችሁ ቀኑን ተመልከቱ፣ ቀኑ ካለፈ ነገ ወደ ሐኪም ውሰዱት።