አሰልጣኙ ጊዜ ይሰጠው? በደጋፊ ትዕግሥት ላይ የተደረገ ጥናት

1. የጥናቱ ዳራ

ትዕግሥት በገዳም፣ በፍርድ ቤት ደጅና በታክሲ ሰልፍ ላይ በሚገባ ተጠንቷል። የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ደጋፊ ትዕግሥት ግን በአማርኛ ገና አልተመረመረም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ሲሆን ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ሽንፈት የበዛበት አሰልጣኝ ጊዜ ይሰጠው ወይስ ይሰናበት? ጥያቄው መስከረም ጠብቶ ኅዳር እስኪያልቅ በየቅዳሜው ማታ ይነሣል፤ እሑድ ጠዋት መልስ ያገኛል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሱ ይሻራል።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ኳሷ ሞላላ ናት፤ ተጫዋቹም የራስ ቁር ደፍቶ እንደ ወይፈን ይጋጫል። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ተመልካቹ ግን የተማሪ ወላጅ ብቻ አይደለም፤ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻውን ከ107 ሺህ በላይ ሰው ያስቀምጣል። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከመንግሥት ተቀጣሪዎች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚበላው አስተዳዳሪው ወይም የልብ ቀዶ ሐኪሙ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ ቡድን አሰልጣኝ ነው። መደበኛው የውድድር ዘመን ደግሞ 12 ጨዋታ ብቻ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን 38 ጨዋታ እየቆጠረ ለኖረ ሰው፣ እዚያ አንድ ሽንፈት የሦስት ያህል ያቃጥላል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ለሳይንስ ሲባል፣ የእኛው ይገባል።

2. የጥናቱ ቦታ

ለጥናቱ የተመረጠችው ነብራስካ ናት። ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አላት፤ በፕሮፌሽናሎቹ ሊግ በኤንኤፍኤል የሚጫወት ክለብ ግን የላትም። ስለዚህ የሕዝቡ ደስታና ንዴት ሳይከፋፈል ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ገቢ ይሆናል።

ከ1962 እስከ 2003 በነበሩት 42 የውድድር ዘመናት ቡድኑን ያሠለጠኑት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ቦብ ዴቫኒ፣ ቶም ኦስቦርን እና ፍራንክ ሶሊች። በዚያ ጊዜ አምስት ብሔራዊ ሻምፒዮናዎች ተገኝተዋል፤ የመጨረሻው በ1997 ነው። በ2003 ሶሊች በመደበኛው ውድድር ከ12 ጨዋታ 9 አሸነፈና ተባረረ። የስፖርት ዳይሬክተሩ የሰጡት ምክንያት ቡድኑ ወደ መካከለኛነት እንዳይንሸራተት የሚል ነበር። ሥጋታቸው ከንቱ ሆኖ ቀርቷል፤ ቡድኑ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መካከለኛነትን አንጋጦ የሚያይበት ቦታ ላይ ተገኝቷል። ዳይሬክተሩ ራሳቸውም በ2007 ተሰናበቱ።

ቀጥሎ ቢል ካላሃን መጥቶ ተባረረ። ቦ ፔሊኒ መጣ፤ በሰባት የውድድር ዘመን አንድም ጊዜ ከ9 ድል በታች ወርዶ አያውቅም፤ በ2014 እሱም ተባረረ። ማይክ ራይሊ መጥቶ ተባረረ። ስኮት ፍሮስት መጥቶ ተባረረ። ከ2017 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት፣ ሁለት አሰልጣኞችን ያስባረረው 9 ድል አንድም ጊዜ አልተገኘም።

3. የተጠኚዎች ምድብ

ደጋፊው በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ታጋሽ ነው። ታጋሽ በአነጋገሩ ይታወቃል፦ «ተጫዋቾቹ እኮ የእሱ አይደሉም፤ ያኛው ጥሎበት የሄደ ነው።» «የተሸነፍነው በሦስት ነጥብ ነው።» «እሺ፣ እሱ ይሂድ፤ ማን ሊመጣ ነው?» አገሩ ኢትዮጵያ ቢሆን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ ክርክሩን በዘጋ ነበር።

ሁለተኛው አሰናባች ነው። የእሱ ማስረጃ የውጤት ሰሌዳው ስለሆነ ብዙ አይናገርም። በእኛ አገር ቢሆን ሳይቃጠል በቅጠል ይል ነበር። ንግግር ካልበቃው ሌላ ዘዴ አለው፦ በ1988 የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲሸነፍ በአሰልጣኝ ቢል ከሪ ቢሮ መስኮት ጡብ ተወርውሯል። ያ ቡድን በዚያ ዓመት 12 ተጫውቶ 9 አሸንፏል። 9 ድል ያለበት ቦታ ሁሉ ጠብ እንደማይጠፋ ልብ ይሏል።

ሦስተኛው ዋዣቂ ነው፤ መፈክሩም «እስኪ እስከ ቅዳሜ እንየው» የሚል ነው። ጥናቱ ሲጀመር እነዚህ ሦስት ምድቦች ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው ተብሎ ተገምቶ ነበር። ቀረብ ብሎ ሲታይ ግን አንድ ሰው ናቸው፦ በመጀመሪያው ሩብ ታጋሽ፣ በእረፍት ሰዓት ዋዣቂ፣ በአራተኛው ሩብ አሰናባች።

የታጋሹ ዋና መከራከሪያ በቅርቡ ጉዳት እንደደረሰበትም መመዝገብ አለበት። ከ2018 ወዲህ ተጫዋች ስሙን በዝውውር መዝገብ አስገብቶ ዩኒቨርሲቲ መቀየር ቀሎታል፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ በስሙና በመልኩ ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶለታል። አሰልጣኝ በአንድ ክረምት ግማሽ ቡድን ማስመጣት ይችላል። ስለዚህ «ተጫዋቾቹ የእሱ አይደሉም» የሚለው መከላከያ ድሮ አራት ዓመት ያገለግል የነበረው አሁን አንድ ክረምት ብቻ ያገለግላል።

4. ግኝት አንድ፦ የምስክሮቹ ነገር

ታጋሹ ወገን ሁልጊዜ ሦስት ምስክር ይቆጥራል። አንደኛው ፍራንክ ቢመር ነው፤ ቨርጂኒያ ቴክ ውስጥ በስድስተኛ ዓመቱ፣ በ1992፣ ሁለት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ሳይባረር ቀረ፤ ከዚያ ጡረታ እስከወጣበት እስከ 2015 ድረስ ቡድኑን በተከታታይ 23 ዓመት ለድኅረ ውድድር ግጥሚያ አበቃ። ሁለተኛው ቢል ስናይደር ነው፤ ካንሳስ ስቴትን በ1989 ሲረከብ በመጀመሪያ ዓመቱ 1 አሸንፎ 10 ተሸነፈ፤ ዛሬ ስታዲየሙ በቤተሰቡ ስም ይጠራል። ሦስተኛው የነብራስካው ኦስቦርን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዋናው ባላንጣ በኦክላሆማ አምስቴ ተሸንፏል፤ የመጀመሪያ ሻምፒዮናውን ያገኘው በ22ኛው ዘመኑ፣ በ1994 ነው።

ምስክሮቹ እውነተኞች ናቸው። ሆኖም ሁለት ነገር ይጎድላል። አንደኛ፣ የሚጠሩት የተረፉት ብቻ ናቸው፤ ታግሠውት ታግሠውት ያልሆነለት አሰልጣኝ ለምስክርነት ሲጠራ ታይቶ አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ኦስቦርን በ25 ዓመት ሥራው አንድም ዘመን ከ9 ድል በታች አላስመዘገበም። ነብራስካ በታሪኳ የምትኮራበት ትልቁ ትዕግሥት፣ በየዓመቱ ቢያንስ 9 ጊዜ የሚያሸንፍን ሰው መታገሥ ነበር። በዚህ ዓይነት ትዕግሥትማ ማንም ጻድቅ ነው።

5. ግኝት ሁለት፦ የትዕግሥት የቀን ዋጋ

ስኮት ፍሮስት የነብራስካ ልጅ ነው። በ1997 ሻምፒዮን የሆነውን ቡድን በኳርተርባክነት፣ ማለትም በማጥቃቱ መሪነት፣ የመራው እሱ ነው፤ በአሰልጣኝነትም በ2017 ሴንትራል ፍሎሪዳን ይዞ 13 ተጫውቶ 13 አሸነፈ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ታጋሽና አሰናባች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ አጨበጨቡ።

በ2021 ቡድኑ 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ዘጠኙም ሽንፈቶች ግን ከ10 ነጥብ ባነሰ ልዩነት ነበሩ። ይህ አኃዝ ለክርክር የተፈጠረ ይመስላል። ታጋሹ «አየህ፣ ለጥቂት ነው» ይላል፤ አሰናባቹ «አየህ፣ ሁልጊዜ ለጥቂት ነው» ይላል። ዩኒቨርሲቲው ሁለቱንም ሰምቶ መካከለኛ መንገድ አገኘ፦ አሰልጣኙ ይቆይ፣ ደመወዙ ግን ከ5 ሚሊዮን ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ይውረድ። በዚሁ የውል ማሻሻያ ላይ አንድ አንቀጽ ገባች፦ ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 በፊት ከተባረረ 15 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 7.5 ሚሊዮን ይከፈለው።

የ2022 የመጀመሪያው ጨዋታ አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ ነበር። ነብራስካ በሦስተኛው ሩብ ኖርዝዌስተርንን 28 ለ 17 እየመራ ነው። ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን ኳሱን አርቆ መትቶ ለባላጋራው ያስረክባል፤ ወጉ ይህ ነው። ፍሮስት ግን ኳሱ በአጭሩ እንዲመታና የራሱ ልጆች ሮጠው እንዲይዙት አዘዘ። ይህ እየተመራ ጊዜ ያለቀበት ቡድን የሚጫወተው ቁማር ነው፤ በ11 ነጥብ የሚመራ አይጫወተውም። ኳሱን ኖርዝዌስተርን ያዘ፣ ጨዋታውንም 31 ለ 28 ወሰደ። በዚያ ቀን በስታዲየሙ የክፍያ መስመር ተቋርጦ ቢራ በነጻ ሲታደል ስለዋለ የደጋፊውን ትዕግሥት ከሌሎች ተጽዕኖዎች ለይቶ መለካት አልተቻለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በጳጉሜን 5፣ ነብራስካ በገዛ ሜዳው በጆርጂያ ሳውዘርን 45 ለ 42 ተሸነፈ። በማግስቱ፣ እኛ እንቁጣጣሽ ስንል፣ ፍሮስት ተባረረ። የማባረሪያው ዋጋ በግማሽ የሚወርድበት ኦክቶበር 1 ደግሞ በእኛ መስከረም 21፣ ግሸን ማርያም ነው። ከእንቁጣጣሽ እስከ ግሸን 20 ቀን አለ። መስቀልን በሰላም አሳልፎ ጥቂት ቀን መቆየት 7.5 ሚሊዮን ዶላር ያድን ነበር፤ ለቀን ሲካፈል 375 ሺህ ዶላር። አልቆዩም።

ከዚህ የሚገኘው ሳይንሳዊ ውጤት ትልቅ ነው። የአንድ ተቋም ትዕግሥት በቀን ስንት እንደሚያወጣ በትክክል የታወቀው ምናልባት በዚህ አጋጣሚ ብቻ ነው፦ በቀን ከ375 ሺህ ዶላር በላይ ካልተከፈላቸው የሚታገሡ ሰዎች አልነበሩም።

6. ንጽጽር

ነብራስካ ብቻዋን እንዳትታማ ሌላም ናሙና ታይቷል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2017 መጨረሻ ጂምቦ ፊሸርን በ10 ዓመት የ75 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲቀጥር፣ የዩኒቨርሲቲው ሥርዓት ቻንስለር የብሔራዊ ሻምፒዮናነት ሰሌዳ ቀድመው አስቀርጸው አበረከቱለት፤ ዓመቱ ብቻ ክፍት ተትቶ ነበር። ፊሸር በኖቬምበር 2023 ሲባረር የሰሌዳው ዓመት ገና ክፍት ነበር፤ የውል ማፍረሻው 76 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። ላለመሥራት የተወሰነለት ገንዘብ መጀመሪያ ለመሥራት ከፈረመበት በለጠ።

አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ላደገ የአርሴናል ደጋፊ ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። አርሰን ዌንገር ከ1996 እስከ 2018 ሲቆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት በዚሁ ክርክር አለቁ፤ በ2017 ከዌስት ብሮም ጋር በተደረገው ጨዋታ አንድ አውሮፕላን «ይውጣ» የሚል፣ ሌላው «እናምንሃለን» የሚል ጨርቅ እየጎተቱ ከስታዲየሙ በላይ ዞረዋል። ክርክሩ ሰማይ ላይ ወጥቶም አልተፈታም። ልዩነቱ፣ የእኛ ሰው ስለ ለንደን አሰልጣኝ ሲከራከር የሚያወጣው የቡና ወይም የቢራ ሒሳብ ብቻ መሆኑ ነው።

7. ግኝት ሦስት፦ ወንበሩ

ፍሮስትን የተካው ማት ሩል ሲመጣ አንድ የታወቀ ታሪክ ይዞ ነበር። በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱ 2 አሸነፈ፣ በሦስተኛው 10። በቤይለር ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱ 1 አሸነፈ፣ በሦስተኛው 11። ታጋሹ ወገን «ሦስተኛውን ዓመት ጠብቁ» ብሎ ደነገገ። አሰናባቹም በጽሞና አዳመጠና ሩል በኤንኤፍኤል ካሮላይና ፓንተርስን ሲያሠለጥን የተባረረው በስንተኛው ዓመት እንደነበር ጠየቀ። በሦስተኛው ነበር።

ክርክሩ እንዲህ እየተካሄደ ጥናቱ ዓይኑን ከሜዳው አንሥቶ ወደ መቀመጫው አዞረ። በዩኒቨርሲቲው መዝገብ መሠረት የነብራስካ ቡድን ሜዳ የሆነው የሊንከን ከተማው ሜሞሪያል ስታዲየም ከ1962 ጀምሮ በየጨዋታው ትኬቱ ተሽጦ ያልቃል። ሶሊች ሲባረር ተሸጧል፤ ፔሊኒ ሲባረር ተሸጧል፤ 9 ጊዜ በተሸነፉበትም ዓመት ተሸጧል። ቅዳሜ ማታ «በቃኝ፣ ይባረር» ያለው ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ቀይ ልብሱን ለብሶ፣ ልጁን አስከትሎ፣ ከፍሎ ይገባል። ስለ አሰልጣኙ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያላቸው ቦርዱና ትልልቆቹ ለጋሾች ናቸው። እሱ ያለው ወንበር ብቻ ነው፤ ወንበሩንም አለቀቀም።

8. መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ሰው ላይ ነው የተነሣው። አሰልጣኝ ትዕግሥት አያስፈልገውም፤ ቢታገሡት ደመወዝ አለው፣ ባይታገሡት የውል ማፍረሻ አለው። ዩኒቨርሲቲም ትዕግሥት የለውም፤ ያለው የክፍያ ቀን ነው፤ እሱንም አይጠብቅም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሲሸነፍ የኖረ፣ ያልተከፈለውና ያልሄደ አንድ ሰው ብቻ ተገኝቷል፤ እሱም ትዕግሥት የለውም ተብሎ የሚወቀሰው ደጋፊው ነው።

ስለዚህ ጥናቱ የሚከተለውን ያሳስባል። የሚቀጥለው አሰልጣኝ ሲቀጠር ውሉ ለሁለት ወገን ይዘጋጅ። በየዘመኑ ከ9 በላይ ሽንፈት ከተቆጠረ፣ የማፍረሻው ክፍያ እኩሌታ ትኬት ይዞ ለተገኘ ደጋፊ ይከፈል። ያን ጊዜ «አሰልጣኙ ጊዜ ይሰጠው ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ ስታዲየሙ በሙሉ ብድግ ብሎ «ዕድሜ ልኩን!» ይላል።