አጥሩ ነው የመጣበት

በጉንደ ወይን ዶዘር አጥር አይጥስም፤ በዚህ ከወዲሁ እንግባባ። አጥሩ ነው የሚመጣበት። ኦፕሬተሩ ምስኪን ሰው ነው። ምሳ ሰዓት ደርሶበት ማሽኑን ሊያዞር ትንሽ ወደ ኋላ ሲል፣ ዕድሜውን ሙሉ ከቦታው ያልተነቃነቀ ቁልቋል ድንገት ከኋላው ይደርስበታል። ስንቱ ኦፕሬተር እንዲህ ደንግጧል መሰላችሁ!

ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ ያልፍባታል፤ በመርጡለ ማርያም በኩል ዓባይን ተሻግሮ መካነ ሰላም የሚያደርሰውም ከእሷ ይነሣል። አገሩ መንገድ የተጠማ ነውና መንገድ ሠሪ ሲመጣ ሰው እልል ይላል፤ እልልታው የምር ነው፣ እኔም አብሬ እላለሁ። ነገር ግን እልል ያለ አፍ መልሶ አቤት ማለት እንደማይችል ማን እንደደነገገ እንጃ። ስሚዛዋ የተነቀለባት እማወራ ገና አፏን ስትከፍት “ልማት ትጠያለሽ እንዴ?” ትባላለች። በዚህ ጥያቄ የማይዘጋ አፍ አላየሁም።

ነገሩን ለማያውቅ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ላስረዳ። ሌላው አገር ሰንሰል የሚለው ስሚዛ በክረምት ከግንዱ እየተቆረጠ ይተከላል። ከብት አይደፍረውም፤ ነጭ አበባውን ግን ንብ ትወደዋለች። የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋል። ቀጋና አጋም እሾኻቸውን አቁመው ለእረኛ ልጅ ፍሬ ይሰጣሉ። እነዚህ ተጠላልፈው ዶሮ የማታልፍባቸው እስኪሆኑ ብዙ ክረምት ያልፋል። ከዚያ በኋላ ጌሾው፣ ጎመኑና ድንቹ ከውስጥ በሰላም ያድራሉ፤ የጎረቤት አህያ ከውጭ ታድራለች፤ ባለ አህያውና ባለ ጎመኑም ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርክ ይባባላሉ። ይህን ሁሉ ክረምት ምሳ ሳይበሉ ገልብጦ የአፈር ቁልል ማድረግ የቴክኖሎጂ ጸጋ አይደለም ትላላችሁ?

አሁን ካሳ እንጠይቅ። ኦፕሬተሩ “እማማ፣ እኔ ቅጥረኛ ነኝ፣ ፎርማኑን ያናግሩ” ይላል። ፎርማኑ ማሽኑ የኪራይ ነው ይላል። አከራዩ አዲስ አበባ ነው። ኮንትራክተሩ ያንን ክፍል ለሳብ ኮንትራክተር ሰጥቷል፤ ሳብ ኮንትራክተሩ የሚሠራው አማካሪ መሐንዲሱ ባሳየው ነው፤ መሐንዲሱ ደግሞ ካርታውን ዘርግቶ አጥሩ ከችካሉ ውጭ እንደነበር በትሕትና ያረጋግጣል። እማወራ እፎይ ትላለች፣ የዋህ ናት። አጥሩ ከችካሉ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ካሳ ይታሰብለት ነበር። ከችካሉ ውጭ ስለሆነ ግን ፕሮጀክቱ አልነካውም፤ ፕሮጀክቱ ካልነካው ደግሞ አልፈረሰም። ቀበሌ ስትሄድ ነገሩ የወረዳው ነው፣ ወረዳ ስትሄድ የኮንትራክተሩ ነው። በመጨረሻ ኮሚቴ ተቋቁሞ የአጥሩን ፎቶ ይጠይቃታል፤ ከመፍረሱ በፊት የተነሣውን። እንግዲህ በየዓመቱ ቁልቋል አቅፋ ፎቶ አለመነሣቷ የራሷ ቸልተኝነት ነው! ኮሚቴው ባሕር ዛፍ ቢያገኝ በቁጥር ይጽፍ ነበር። ስሚዛ ሲያይ ግን “ይህማ በራሱ ያቆጠቁጣል” ብሎ ደብተሩን ያጥፋል።

ሕጉ ቸር ነው፤ ቸርነቱ ላይ ማንም አይከራከርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ኪሣራውን ይክፈል ይላል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም ይዞታውን የሚለቅ ሰው ካሳ እንዲያገኝ፣ ቅር ካለውም የሚሰማው አካል እንዲኖር ደንግጓል። በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የፊዲክ የግንባታ ውል ደግሞ በሦስተኛ ወገን ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት መድን እንዲገባ ያዛል። የመድኑን ወጪ ኮንትራክተር ከኪሱ አያወጣም፣ ለጨረታ ባቀረበው ዋጋ ላይ ያስበዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ውል በተፈረመበት ሁሉ ለስሚዛው ጥበቃ ሕዝቡ አስቀድሞ ከፍሏል ማለት ነው። ችግሩ እማወራ ሦስተኛ ወገን መሆኗን የነገራት የለም። በገዛ ጓሮዋ አንደኛ ወገን ይመስላታል።

መንገዱ የዘገየ እንደሆነ ደግሞ መግለጫው ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፦ የወሰን ማስከበር ችግር። ሲሚንቶ ቢጠፋ፣ ነዳጅ ቢያጥር፣ ክፍያ ቢጓተት፣ ጥፋተኛው ያ ቁልቋል ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ለዓለም አወጀ። ያኔ ኮፍያው፣ ካሜራውና ባለሥልጣኑ አልጎደለም። ዶዘሩ ጓሮ ሲገባ ግን ካሜራ የለም፤ እማወራ የተከለችው መጽደቁ የማያጠራጥር፣ ጸድቆም ያረጀ አጥር ነውና ዜና አይሆንም። እኔ ግን መላ አለኝ። በሚመጣው ክረምት በዚያው ቦታ ችግኝ ይሰጧትና በዘመቻ ትትከል፤ ወረዳውም የተነቀለውን በመንገድ፣ የተተከለውን በአረንጓዴ አሻራ ሪፖርት ያድርግ። አንድ አጥር ለሁለት ዓምድ በቃ ማለት ነው።

ያም እስኪሆን ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። አህያዋ በተከፈተው ገብታ ጎመኑን ስለጨረሰች ኮንትራክተሩ ተረስቶ ነገሩ የሁለት ጎረቤቶች ጠብ ሆኗል። ዶዘሩ ሽማግሌ ፊት አይቀርብም፣ ሥራ አለበት። አህያዋ ግን ቀርባለች። የፍርዱ ማሰሪያ እርቅ ነው፤ ለእርቁም እማወራ ጠላ ትጥመቅ ይባላል። ጌሾው ከአፈሩ ቁልል ሥር መሆኑን ስትነግራቸው ሽማግሌዎቹ አሳቢ ናቸውና ወዲያው መፍትሔ ይሰጧታል፦ “ከገበያ ግዢ፤ መንገዱ ሲያልቅ እንደሆነ ይረክሳል።”